በሙቀት የተሳበበው ጥፋት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ጠዋት ከፒያሳ ጋቢውን ተከናንቦ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ጠመዝማዛው ሳያልቅ ጋቢውን ከትከሻው ያወርዳል፤ ኮምቦልቻ ሲደርስ አጣጥፎ ክንዱ ላይ ጣል ያደርገዋል። ከጦሳ ተራራ ግርጌ የተቀመጠችው ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። ቦርከናን ተጠግታ የተዘረጋችው ኮምቦልቻ ግን 1,900 ሜትርም አትሞላም። አንድ ሰዓት በማይፈጅ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል።

በዚህ መንገድ ከሰው ጋር ሌላም ተሳፋሪ ይመላለሳል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ ደሴ ነው፤ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምቦልቻ ነው። ፋብሪካው ታች ነው፤ የዞኑ መሥሪያ ቤት ላይ ነው። ስለዚህ ላፕቶፑ በቦርሳ፣ ዴስክቶፑ በካርቶን፣ ሃርድ ዲስኩ በኪስ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ይውላል። ይህ ዝምተኛ ተሳፋሪ አፍ ቢኖረውና ከሁለቱ ከተሞች የትኛው ይሻልሃል ተብሎ ቢጠየቅ ምን ይል ነበር?

መልሱ ቀላል ይመስላል። ደሴ ትቀዘቅዛለች፤ ማሽን ደግሞ ሙቀት አይወድም። ኮምፒውተር ጠጋኙም፣ የቢሮ ኃላፊውም፣ ፋኑ ሲጮህ የሰማ ተማሪም የሚለው ይህንኑ ነው። የዓለም መሐንዲሶችም ለብዙ ዘመን ሌላ ነገር አላሉም። ሃርድ ዲስክ በሞተ ቁጥር ተከሳሹ አንድ ነበር፤ ሙቀት። ከዚያ በአንድ የካቲት ወር ሦስት ሰዎች ማንም ያልጠበቀውን ማስረጃ ይዘው ቀረቡ። ነገሩ ግን የሚጀምረው ከዚያ አስቀድሞ፣ ከአንድ መምህር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1952 መጀመሪያ ሬኖልድ ጆንሰን የተባለ ሰው ከአይቢኤም ኩባንያ ትእዛዝ ተቀብሎ የካሊፎርኒያ ከተማ ወደሆነችው ሳን ሆዜ ሄደ። ጆንሰን ኩባንያውን ከመቀላቀሉ በፊት የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበር። በእርሳስ የጠቆረ ምልክትን በኤሌክትሪክ እያነበበ ፈተና የሚያርም መሣሪያ የፈለሰፈውም እሱ ነው። ማትሪክ ሲፈተን ክቧን በእርሳስ ያጠቆረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሳያውቀው የዚህ ሰው ሐሳብ ደርሶታል። ሳን ሆዜ ሲደርስ የተሰጠው ሥራ ጥቂት ወጣት መሐንዲሶች ሰብስቦ አዲስ ቤተ ሙከራ ማቋቋም ነበር።

የገጠማቸው እንቆቅልሽ ይህ ነበር። የዚያ ዘመን መሥሪያ ቤት መዝገቡን የሚያኖረው በተበሳ ካርድ ላይ ነው። አንዲት ካርድ ለማግኘት ሳጥን ሙሉ ካርድ ማገላበጥ ግድ ነበር። ጆንሰንና ባልደረቦቹ ከብዙ ሺህ መዝገብ መካከል የተፈለገውን ብቻ ወዲያው መዝዞ የሚያወጣ ነገር ፈለጉ። ከበሮ የሚመስል ሲሊንደር መረመሩ፤ ቴፕ መረመሩ፤ ሽቦ መረመሩ። በመጨረሻ ዓይናቸው የሚሽከረከር የአሉሚኒየም ሳህን ላይ አረፈ። ሳህኑ 61 ሴንቲ ሜትር ስፋት ነበረው፤ የእኛን ቤት ምጣድ የሚያህል ማለት ነው። ሃምሳ ምጣድ በአንድ ምሰሶ ላይ ደርድረው በደቂቃ 1,200 ጊዜ ሊያሽከረክሩት አሰቡ።

መጀመሪያ ያስቸገራቸው ቅቡ ነው። ሳህኑ መዝገብ እንዲይዝ የብረት ዝገት የተቀላቀለበት ቀለም መቀባት ነበረበት። ቀለሙ ግን ቋጠረ፤ በአንድ በኩል ወፈረ፣ በሌላው ሳሳ። ጄኮብ ሃጎፒያን የተባለው መሐንዲስ መላ ያገኘው ማንም ቤተ ሙከራ ከማይፈልግበት ቦታ ነበር። ቀለሙን በሴቶች የሐር ስቶኪንግ አጠለለው፤ ከዚያ በወረቀት ኩባያ ለክቶ በሚሽከረከረው ሳህን ላይ አፈሰሰው። እንጀራ ስትጋገር ያየ ሰው ሥራው ወዲያው ይገባዋል። ልዩነቱ እናቶቻችን ሊጡን ከዳር ጀምረው ወደ መካከል ያዞሩታል፤ ሃጎፒያን ከመካከል አፈሰሰና ሽክርክሪቱ ራሱ ቀለሙን ወደ ዳር ገፋው። ቅቡ እንደ ጥሩ እንጀራ እኩል ተዘረጋ።

ሁለተኛው ችግር ግን በስቶኪንግ የሚፈታ አልነበረም። መዝገቡን የሚያነበው ጫፍ ከሳህኑ እጅግ መቅረብ አለበት፤ ከነካው ግን ቅቡን ይፍቀዋል፤ መዝገቡም አብሮ ይጠፋል። ሳህኖቹ ደግሞ ፍጹም ጠፍጣፋ አልነበሩም፤ ሲዞሩ ይንቀጠቀጣሉ። በሚንቀጠቀጥ ምጣድ ላይ ሳይነኩት በፀጉር ስፋት ርቀት ጣትን መያዝ እንደማለት ነበር። መሐንዲሶቹ ዊሊያም ጎዳርድና ጆን ሊኖት የታመቀ አየር በጫፉ ውስጥ አሳልፈው ወደ ሳህኑ እንዲነፍስ አደረጉ። አየሩ በሁለቱ መካከል ትራስ ሆነ። ሳህኑ ከፍ ሲል ጫፉን ከፍ አደረገው፤ ዝቅ ሲል አብሮ ዝቅ አለ። ክፍተቱ 20 ማይክሮን ያህል ነበር፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት ሩብ ገደማ። በመስከረም 1956 ራማክ የተባለው ማሽን ለዓለም ታየ። ከአንድ ቶን በላይ ይመዝን ነበር፤ የያዘውም 5 ሚሊዮን ፊደል ነው። ዛሬ በስልክ የምንነሳው አንድ ፎቶ ብቻውን ሊሞላው ይችላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሃርድ ዲስክ ሕይወት በአየር ላይ ተንጠለጠለ። አንባቢ ይህችን ነገር ልብ ይበል፤ ከ56 ዓመት በኋላ በአንድ ተራራ ጫፍ ላይ እንደገና ትመጣለች።

ቀጣዮቹ ዓመታት ያንን ክፍተት የማጥበብ ሩጫ ሆኑ። በ1961 የወጣው የአይቢኤም ዲስክ የታመቀ አየር ማስነፈሱን ተወ፤ ሳህኑ ሲሽከረከር ራሱ የሚያነሣው ነፋስ ጫፉን እንደ አሞራ ክንፍ ያንሳፍፈው ጀመር። በ1973 ኬን ሃውተን የመራው ቡድን ሳህኑንና አንባቢውን በአንድ ላይ አሽጎ ዊንቸስተር የተባለውን ዲስክ አወጣ፤ ስሙ ሠላሳ ሠላሳ ከሚባለው ጠመንጃ የተወሰደ ነው። ክፍተቱ ያኔ ግማሽ ማይክሮን ደርሶ ነበር። ዛሬ ጥቂት ናኖሜትር ነው፤ አንድ ፀጉር ደግሞ ወደ 80 ሺህ ናኖሜትር ይወፍራል። እዚያ መካከል አንዲት የአቧራ ቅንጣት ብትገባ ተራራ ናት። መታሸጉ ለዚህ ነበር።

ይሁን እንጂ ፍጹም አልታሸገም። ውስጡና ውጭው አየር እንዲመጣጠን በማጣሪያ የተሸፈነች ትንሽ ቀዳዳ ተተወችለት። ብዙዎቹ ሃርድ ዲስኮች ላይ ዛሬም አለች፤ አጠገቧ እንዳትደፈን የሚል ማስጠንቀቂያ ተጽፏል። በዚህች ቀዳዳ ደሴ ያለ ዲስክ የደሴን አየር፣ ኮምቦልቻ ያለው የኮምቦልቻን አየር ሲተነፍስ ይኖራል።

ሙቀት ተከሳሽ የሆነው በዚህ መካከል ነው፤ ክሱም ያለ ምክንያት የመጣ አልነበረም። ሞተሩ ይሞቃል፤ ሳህኑ አየሩን ሲፈትግ ይሞቃል፤ በላዩ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ይሞቃል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ደግሞ ይለጠጣል። 95 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሳህን 10 ዲግሪ ቢሞቅ ጠርዙ 11 ማይክሮን ያህል ወደ ውጭ ይገፋል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ዛሬ ግን በዚያ ስፋት ውስጥ ከመቶ በላይ የመዝገብ መስመሮች ይሰለፋሉ። በ1980ዎቹ የነበሩት ርካሽ ዲስኮች ጫፋቸውን የሚያንቀሳቅሱት በተለካ እርምጃ እንጂ መስመሩን እያዩ ስላልነበር፣ ጠዋት በብርድ የተጻፈውን ከሰዓት ሲሞቁ የሚስቱ ነበሩ። ኋላ መሐንዲሶቹ ጫፉ መስመሩን ራሱ እየተከተለ እንዲሄድ የሚያደርግ ምልክት ሳህኑ ላይ አስቀመጡና ያ ችግር ተቃለለ። ክሱ ግን አልተነሣም።

ይልቁንም በረታ። ከኬሚስትሪ የተወሰደ አንድ ልማዳዊ ሕግ ከአፍ ወደ አፍ ተላለፈ፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የዕቃው ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል የሚል። ሰርቨር ያለበት ክፍል ሁሉ እንደ ማቀዝቀዣ ሣጥን እንዲቀዘቅዝ ተደረገ፤ ለዚያም ብዙ ኤሌክትሪክ ነደደ። በሀገራችን በጥንት ዘመን ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ ነበር። ዕፅ የጠጣ ብላቴና እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። የ10 ዲግሪው ሕግ ዲስክ ላይ የፈረደው እንደዚያ ነበር ማለት ይቻላል። ዲስክ የሞተበት ሁሉ ጣቱን ወደ ሙቀት ቀሰረ፤ ምስክር ይጠራ ያለ ግን ጥቂት ነበር።

ምስክር ለመጥራት ብዙ ሺህ ዲስክ ያለው ሰው ያስፈልግ ነበር። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ያ ሰው ጎግል ሆነ። ጎግል ውድ ዲስክ ከመግዛት ይልቅ በማንኛውም ሱቅ የሚገኘውን ዓይነት ተራ ዲስክ በገፍ ይገዛ ነበር። ዲስክ መሞቱ ስለማይቀር ሲሞት መተካት ይሻላል የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ኤድዋርዶ ፒንየሮ፣ ቮልፍ ዲትሪሽ ቬበር እና ሉዊዝ አንድሬ ባሮሶ የተባሉ ሦስት መሐንዲሶች ከዚህ ክምር ፊት ቆመው አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ዲስክ ከመሞቱ በፊት ምልክት ይሰጣል ወይ?

ዕድል የረዳቸው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ዲስክ ስማርት የሚባል የራሱን ጤና የሚመዘግብ ሥርዓት በውስጡ ነበረው፤ ከሚመዘግባቸው ነገሮች አንዱ የራሱ ሙቀት ነው። አምራቾቹ ያስገቡት ባለቤቱን ለማስጠንቀቅ ነበር። አሁን ግን ከ100 ሺህ በላይ ዲስኮች፣ ማንም ቴርሞሜትር ሳይገዛላቸው፣ ሁሉም ቴርሞሜትር ይዘው ተገኙ። ሦስቱ ሰዎች በየጥቂት ደቂቃው የሚመጣውን ቁጥር ማጠራቀም ጀመሩ። ከታኅሣሥ 2005 እስከ ነሐሴ 2006 ድረስ ለዘጠኝ ወራት አጠራቀሙ።

በቀድሞ ዘመን አንድ ቤት ሲቃጠል ወይም ከብት ሲሰረቅ የአገሬው ሰው አፈርሳታ ይወጣ ነበር። ሁሉም ይጠየቃል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። ጎግል ውስጥ የተደረገው የዲስክ አፈርሳታ ነበር፤ ከሌባ ሻይ በኋላ የመጣ አፈርሳታ። የሞተው ስንት ነው? የት ነበረ? ስንት ዲግሪ ላይ ኖረ? ቁጥሩ ተደምሮ ሥዕሉ ሲወጣ ግን መስመሩ ሊወጣ ይገባው ወደነበረበት አልወጣም።

የሞቁት ይበልጥ አልሞቱም። እንዲያውም ከ30 ዲግሪ በታች እየቀዘቀዙ የኖሩት፣ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ከኖሩት ይልቅ በብዛት ይሞቱ ነበር። ሙቀት ጥፋት ያደረሰው እጅግ ከፍ ሲል፣ ያውም በተለይ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገሉት አሮጌ ዲስኮች ላይ ነው። ወረቀቱ በየካቲት 2007 በአንድ ጉባኤ ላይ ቀረበ። ጉባኤው የተደረገበት ከተማ ሳን ሆዜ ነበር፤ ሃጎፒያን ቀለም በስቶኪንግ ያጠለለበት ያው ከተማ። በዚሁ ጉባኤ ላይ ቢያንካ ሽሮደርና ጋርዝ ጊብሰን ሌላ 100 ሺህ ያህል ዲስክ መርምረው፣ አምራቾች በዓመት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞትም የሚሉት ዕቃ በሥራ ቦታ በአብዛኛው ከመቶ ከሁለት እስከ አራት እንደሚሞት አሳዩ።

ሙቀት ነጻ ወጣ ብሎ የተደሰተ ቢኖር ደስታው አልረዘመም። በ2011 የማይክሮሶፍቱ ስሪራም ሳንካርና ባልደረቦቹ በራሳቸው ማዕከል ያሉትን ዲስኮች አይተው ተቃራኒውን ተናገሩ። እነሱ ጋ ሙቀት ከዲስክ ሞት ጋር በጥብቅ ተያይዞ ተገኘ፤ በሰርቨሩ ውስጥ ሞቃት ቦታ ላይ የተቀመጠው ዲስክ ከሌላው ይልቅ ይሞት ነበር። ሁለት ታላላቅ ሽማግሎች ፊት ለፊት ተቀምጠው አንዱ ንጹሕ ነው፣ ሌላው ጥፋተኛ ነው ሲሉ ማንን ማመን ይቻላል?

በዓመቱ ቢያንካ ሽሮደር ተመለሰች፤ አሁን ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኖሳይባ ኤል ሰይድና ከሌሎች ጋር። ማስረጃቸውን ከአንድ ቤት ብቻ አልሰበሰቡም፤ ጎግልንም ጨምሮ ከተለያዩ ማዕከላት አመጡ። ያገኙት ነገር ክርክሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው። አማካዩ ሙቀት የሚያደርሰው ጉዳት ከተፈራው ያነሰ ነበር፤ የሙቀቱ መዋዠቅ ግን ጎልቶ ወጣ። አንዴ ሞቆ አንዴ የሚቀዘቅዝ ዲስክ፣ ሁልጊዜ ሞቅ ብሎ ከሚኖረው ይልቅ ስሕተት ያበዛ ነበር። ሳንካር የሙቀትን መዋዠቅ እንደ ዋና ምክንያት አልቆጠረም ነበርና ሁሉንም ያስታረቀ ፍርድ እስከ ዛሬ አልወጣም። ለእኔ ግን ሚዛን የሚደፋው የቶሮንቶው ነው፤ የሚለጠጥና የሚኮማተር ብረት ያለበት ዕቃ ከመዋዠቅ ጋር ሰላም ይኖረዋል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ሌላ ዜና ከሩቅ መጣ። ከሙቀት ጋር ምንም የሚያገናኘው አይመስልም ነበር።

በቺሌ የአታካማ በረሃ፣ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ አልማ የተባለ ታላቅ የራዲዮ ቴሌስኮፕ ተተክሏል። አንቴናዎቹ የሚሰበስቡትን ምልክት የሚያቀናጀው ኮምፒውተር እዚያው ተራራው ላይ ነው። ማሽኑ 140 ኪሎ ዋት ያህል ኃይል ይበላል፤ አየሩ ሳስቶ ሙቀትን መሸከም ስላቃተው ለማቀዝቀዝ ከተለመደው እጥፍ ነፋስ አስፈለገ። ይህ ገንዘብ የሚፈታው ጉዳይ ነው። ገንዘብ የማይፈታው ሌላ ነገር ግን ነበር። በታኅሣሥ 2012 ባለቤቶቹ ለዓለም ሲያስረዱ፣ ተራራው ላይ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ መጠቀም እንደማይቻል ተናገሩ። ምክንያቱ ጎዳርድና ሊኖት የሠሩት ትራስ ነበር። አየሩ ሲሳሳ ትራሱ ይሰረጉዳል፤ ጫፉ ሳህኑ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ቀጭን አየር ዲስክን በሁለት በኩል ያጠቃል ማለት ነው። ፋኑ የሚያመጣለት ነፋስ ይሳሳል፤ ጫፉን የያዘለት ትራስም ይሳሳል። ብዙዎቹ አምራቾች ዲስካቸው እስከ 3,048 ሜትር፣ ማለትም እስከ 10 ሺህ ጫማ ድረስ ብቻ እንዲሠራ የሚወስኑት ለዚህ ነው። ወደ ሀገራችን ስንመለስ ይህ ቁጥር ባዶ አይደለም። ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከመርካቶ ተገዝቶ ወደ ደሴ የሚሄደው ኮምፒውተርም ጣርማ በርን ሲሻገር ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ጠፍቶ በካርቶኑ ከተኛ ግን ጫፉ ከሳህኑ ላይ ተነሥቶ ስለሚያርፍ ከፍታው አይነካውም። ለተኛ ዲስክ የተፈቀደው ከፍታ ከ12,000 ሜትር በላይ ነው።

መድኃኒቱ ከዓመት በኋላ ተገኘ። በ2013 መጨረሻ ኤችጂኤስቲ የተባለው አምራች ቀዳዳ አልባ ዲስክ ለገበያ አወጣ፤ በውስጡ አየር ሳይሆን ሂሊየም ሞላበት። ሂሊየም ክብደቱ የአየር አንድ ሰባተኛ ነው፤ ሳህኑን እንደ አየር ያህል አይፈትገውም፤ ስለዚህ ዲስኩ ቀዝቀዝ ይላል። ፍጹም ስለታሸገም የውጭውን አየር አይተነፍስም። ይህ ዲስክ ውድ ነው፤ የሚገኘውም በአብዛኛው በትላልቅ ማዕከላት ነው። የደሴና የኮምቦልቻ ቢሮዎች ዲስክ አሁንም በቀዳዳው የሚተነፍሰው ነው።

የመጨረሻው ምዕራፍ የሳንካር ነው። በ2011 ሙቀትን የከሰሰው ሰው በ2016 ከአዮኒስ ማኑሳኪስና ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር እንደገና መጣ። ከዘጠኝ ግዙፍ የማይክሮሶፍት ማዕከላት የተሰበሰበ ማስረጃ ያዙ። ከማዕከላቱ አንዳንዶቹ ውድ ማቀዝቀዣን ትተው የውጭውን አየር በቀጥታ የሚያስገቡ ነበሩ፤ ስለዚህ ሙቀቱም እርጥበቱም እንደ ሀገሩ ይለያይ ነበር። ጥፋተኛው ሙቀት ነው ብሎ የተነሣ ሰው ማስረጃው ወደ ሌላ ሲመራው ተከትሎ ሄደ፤ ይህን ዓይነት ሰው ማክበር ተገቢ ነው። ዲስኮቹን ከሁሉ ይበልጥ የገደላቸው እርጥበት ነበር። እርጥበቱ የሚጎዳው ደግሞ ሳህኑን ሳይሆን ከውጭ ያለውን የመቆጣጠሪያ ሰሌዳና መገናኛውን ነው።

እርጥበት ሲባል ደሴን የሚያውቅ ሰው ወዲያው የሚያስበው ነገር አለ። በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ከተማውን ይውጠዋል፤ የታጠበ ልብስ ለቀናት አይደርቅም። ሰርቨር ክፍሉ መስኮት ተከፍቶ ደጋው ያቀዘቅዘዋል ከተባለ፣ ያ መስኮት ጉሙንም ያስገባል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። አየር በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛልና ደሴ ከኮምቦልቻ በአማካይ 4 ዲግሪ ገደማ ትቀዘቅዛለች። አሽሬይ የሚባለው የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ግን አየሩ ሲሳሳ የሚቀረውን ቆጥሮ፣ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ለሰርቨር የሚፈቀደው የክፍል ሙቀት በአንድ ዲግሪ እንዲቀንስ ይደነግጋል። ባሕር ዳርቻ ላይ 35 ዲግሪ የሚፈቀድለት ሰርቨር ኮምቦልቻ ላይ 32፣ ደሴ ላይ ደግሞ 30 ዲግሪ ገደማ ብቻ ይቀርለታል። ስለዚህ ደሴ በብርዷ ካተረፈችው 4 ዲግሪ ሁለቱን በሳሳው አየሯ ትመልሳለች። የጉሙ እርጥበትና የኅዳር ሌሊት ብርድ ከቀን ሙቀት ጋር የሚፈጥሩት መዋዠቅ ሲታሰብ ቀሪው ትርፍም ያጠራጥራል። ኮምቦልቻ የምትከሰሰው በሙቀት ብቻ ነው፤ ሙቀት ደግሞ የተባለውን ያህል ጥፋተኛ ሆኖ አልተገኘም። ሁለቱም ከተሞች ከ3,048 ሜትር በታች ናቸውና ሃርድ ዲስክ በሁለቱም ይኖራል። ምረጥ ብባል ግን ፋኑ የተጠረገ የኮምቦልቻ ኮምፒውተርን እመርጣለሁ።

ሥራው ብዙ አይደለም። ዲስኩ ራሱ ሙቀቱን ይናገራል፤ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ቁጥሩን ያሳያል። ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከሆነ ደህና ነው፤ 50 ካለፈ አቧራውን መጥረግና ፋኑን ማየት ያስፈልጋል፤ 60 ለአብዛኞቹ የመጨረሻው ወሰን ነው። ለጌጥ የተጣለው ዳንቴል የኮምፒውተሩን መተንፈሻ ይዘጋልና ማሽኑ ሲሠራ ይነሣ። በጠዋት ብርድ ከደሴ ተጭኖ ኮምቦልቻ የወረደ ኮምፒውተር ወዲያው አይከፈት፤ ቀዝቃዛ ብረት ሞቃት አየር ሲያገኝ ላብ ያወጣል፤ ላቡ እስኪደርቅ አንድ ሁለት ሰዓት ይረፍ።

ይህም ሁሉ ተደርጎ ዲስክ ይሞታል። ከ2007ቱ የጎግል ወረቀት ብዙ ሰው የረሳው አንድ ቁጥር አለ። ከሞቱት ዲስኮች ከግማሽ በላይ፣ ከመቶ 56ቱ፣ ተመራማሪዎቹ ዋና ብለው ከለዩዋቸው አራት የማስጠንቀቂያ ምልክቶች አንዱንም ሳያሳዩ ነው የሞቱት። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የደንበኞች መዝገብ፣ የሟች አባት ፎቶ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ያለው ሰው ዛሬውኑ ሁለተኛ ቅጂ ያውጣ። አንዱ ደሴ፣ አንዱ ኮምቦልቻ ይቀመጥ። በእኛ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በቀናት ልዩነት ሁለቱንም ከተሞች ሲያዳርስ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የብዙ ተቋማት ኮምፒውተሮች ጠፍተዋል። ስለዚህ ሦስተኛው ቅጂ ከሁለቱ ከተሞች ውጭ ይሁን።